ልጄ ስለ ጄድ ያወራችበት ቅዳሜ

ልጄ መሀል ዳላስ ባለ የእስያ ጥበብ ሙዚየም አስጎብኚ ሆና መቀጠሯን ስትነግረን ባለቤቴ ፊቱን አጠቆረ። የቡድሃና የሂንዱ አማልክት ሐውልት እንደሚበዛበት ሰምቷል። «ሰንበት ትምህርት ቤት ያመላለስኳት ልጅ ጣዖት ልታስጎበኝ!» አለ። በመጀመሪያው ቀኗ እንዲገኝላት ለመነችው፤ ወይ ፍንክች። እኔም ሙያ በልብ ነው ብዬ ለመሄድ ተዘጋጀሁ።

ቅዳሜ ከምንኖርበት ከካሮልተን እሱው በመኪናው ወሰደኝ።

«አንቺ ግቢ፤ እኔ ፓርክ አድርጌ መኪና ውስጥ እጠብቅሻለሁ።»

«ጣዖቱ ዘሎ እንዳይዝህ ነው?»

«ሂጂ እባክሽ፣ እንዳይረፍድብሽ።»

ስገባ ልጄ ነጭ ሸሚዟን ለብሳ ቆማለች። ዓይኗ እኔን አልፎ ወደ በሩ ሄደ።

«ማሚ፣ ዳዲ አልመጣም?»

«ፓርክ እያደረገ ነው» አልኳት። ገባት። ከንፈሯን ነክሳ ወደ ጎብኚዎቹ ዞረች። ያኔ አባቷን ባገኘው አልምረውም ነበር።

ጄድ ከሚባል አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ የተሠራ የቻይና ሳህን ፊት አቆመቻቸው። ይህ ድንጋይ በቢላ አይሞከርም አለች፤ ሻካራ አሸዋ በውሃ እያራሱ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ በትዕግሥት መፈግፈግ ነው። አንድ ሽማግሌ ጥያቄ ጠየቋት፤ ሳትደናገር መለሰች። አንዲት ሴትም ጠየቀቻት፤ እሷን ደግሞ አሳቀቻት። ቤት ውስጥ ሳህን እጠቢ ስትባል የምትነጫነጭ ልጅ እዚህ ስለ ሳህን ስታወራ ሰው አፉን ከፍቶ ይሰማታል። ኮራሁ። ምን እደብቃለሁ፣ ሳህኑን እኔ የሠራሁት እስኪመስለኝ ኮራሁ።

ስትጨርስ አጨበጨቡላት። እኔ ግን ጭብጨባ አልበቃኝም፤ እልልታዬን አቀለጥኩት። በዚያ ጸጥ ባለ አዳራሽ! ጎብኚዎቹ ደነገጡ፣ የልጄ ፊት በርበሬ መሰለ፣ ጥበቃው ምን ሆነሽ እያለ እየሮጠ መጣ። እንግሊዝኛው ከአፌ ጠፋ።

«ኖ ፕሮብለም፣ ሰር» አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ።

ባለቤቴ ነው። መቼ እንደገባ እንጃ፤ ቁልፉን በእጁ ይዞ ከትልቁ የቡድሃ ሐውልት አጠገብ ቆሟል። ልጄ ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሱም በጣቱ ወደ እሷ እያመለከተ፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ «ማይ ዶተር! የእኔ ልጅ!» አለ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን ቆመሻል? ድገሚው እንጂ።»