የሁለት ሳምንት ሣር

ትናንት የፋብሪካችን ግቢ ሣር ሲታጨድ ሽታው በመስኮት ገብቶ የልብስ ስፌት መኪናዬን አስቆመኝ። አጠገቤ ያሉት ልጆች «እንዴት ደስ ይላል!» እያሉ ሳቡት። እኔ አፍንጫዬን ይዤ ወጣሁ። ለምን እንደሆነ ላንቺ ልንገርሽ።

ከግብርና ኮሌጅ እንደወጣሁ ሥራ ያገኘሁት ከቡልቡላ አለፍ ብሎ፣ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሎጅ ነበር። ሎጁ ትንሽ የጎልፍ ሜዳ ነበረው። እኔ የዓለም ጤና ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ወገቤ እስኪቆረጥ ከአባቴ የሽንኩርት ማሳ ሰርዶ ስነቅል ነው ያደግሁት። እዚያ ደግሞ ያንኑ ሰርዶ ተክለን፣ ውሃ አጠጥተን፣ በማሽን እንደ ሕፃን ጸጉር እናስተካክለው ነበር። ለአባቴ በስልክ ስነግረው መጀመሪያ አላመነኝም፤ ከዚያ ሳቁን ማቆም አቃተው።

የሜዳውን መንገድ የሚጠርጉ አንድ እናት ነበሩ። እኔ እማማ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ዳለቲ የምትባል አንዲት ላም ነበረቻቸው፤ ከእሷ ሌላ ቤታቸው ውስጥ የሚተነፍስ ነገር አልነበረም። የሜዳው ካቦ ደግ ሰው ስለነበር፣ የታጨደውን ሣር ሠራተኛው ለከብቱ እንዲወስድ ይፈቅዳል። ከሥራ ስንወጣ የእማማን ማዳበሪያ ጆንያ ጠቅጥቄ እሞላላቸዋለሁ። ጠዋት ደግሞ በውሃ ፕላስቲክ ትኩስ ወተት ይዘውልኝ ይመጣሉ። «ያንቺው ሣር ነው፣ ጠጪ» ይሉኛል።

በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረ። ከአጥሩ ውጭ ያለው መሬት አመድ መሰለ፤ አረንጓዴ የቀረው የእኛ ሜዳ ብቻ ነበር። የሰፈሩ ከብቶች አንገታቸውን አጥሩ ላይ ደግፈው ቆመው ይውላሉ። በዚህ ላይ ተምች ገባብን። አንዱን ጥግ ባንድ ቀን ሲጨርሰው አይተን፣ መርጫውን አዝዬ ሜዳውን በሙሉ መድኃኒት ረጨሁት። የመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ለካቦው ያነበብኩለት እኔው ነኝ፦ ሣሩ ለሁለት ሳምንት ለከብት አይሰጥም። ካቦው «እንግዲያው እየታጨደ ይቀበራ» አለ።

ለእማማ ሳስረዳቸው ባዶውን ጆንያ አጣጥፈው ብብታቸው ሥር አደረጉት።

«ታጥቦስ?»

«ውስጡ ገብቷል እማማ። ታጥቦም አይሆንም።»

ጭድ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። የሎጁን ወጥ ቤት እየለመንኩ የጎመን ቅጠልና የካሮት ልጣጭ አመጣላቸዋለሁ፤ ለላም አንድ ጉርሻም አይሆን። በየቀኑ ያንን ለምለም ሣር ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ አፈር ስመልስበት፣ እማማ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ያዩኛል። ከሥራ ስንወጣ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ዛሬስ?»

«ገና ነው እማማ።»

በአምስተኛው ቀን ወተቱ ቀረ። በስምንተኛው «መነሳት አቅቷት ጎረቤት ነው ደግፎ ያነሳት» አሉኝ። ዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት፣ ቁጥሩ የሚቀንስልኝ ይመስል። ብሰጥም መግደል፣ ብከለክልም መግደል ሆነብኝ። አንድ ቀንማ ጆንያውን እስከ ግማሽ ሞልቼው፣ መልሼ ጉድጓዱ ውስጥ ደፋሁት። ለማንም አልተናገርኩም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እማማ «ዛሬስ?» አላሉኝም። በማግስቱም አልጠየቁኝም። ጭድ አግኝተው ነው ብዬ፣ ምን እዋሽሻለሁ፣ ግልግል ተሰማኝ። የዚያን ቀን ምሳዬንም ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ሁለቱ ሳምንት ባለቀ ማግስት ጆንያውን እስከ አፉ ጠቅጥቄ፣ እኔው ተሸክሜ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። በደስታ ነበር የሄድኩት። ግቢው ውስጥ የላም ሽታ አለ፤ ገመዱ ግን ተጠቅልሎ ካስማው ላይ ተሰቅሏል። ዳለቲ ከሞተች አራተኛ ቀኗ ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም እማማ?»

«ምን ታደርጊ ነበር ልጄ?»

ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ጆንያውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው «ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝ፤ ሣሩንም ወስደው እንደ ወትሮው ግርግሙ ውስጥ በተኑት። በርጩማ አቀረቡልኝ። ከዚያ ጥግ ላይ የነበረውን ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አንስተው ትንሽ አዩትና፣

«ወተት እንኳን የለኝም፤ ይቅር በይኝ» አሉኝ።

እኔን ነው ይቅርታ የጠየቁት። በርጩማው ላይ እንደተቀመጥኩ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ያባበሉኝም እሳቸው ናቸው።