በየማታው የሚሞቀው ማቀዝቀዣ

ይህ ነገር የገጠመኝ ያለፈው ክረምት ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። በዘጋቢነት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ጎርፍም፣ የመሬት መንሸራተትም፣ የጀልባ አደጋም ዘግቤአለሁ። የብዙዎቹን ዝርዝር ለመናገር ዛሬ የድሮ ማስታወሻዬን ማገላበጥ ይኖርብኛል። ይህኛውን ግን ያለ ማስታወሻ እናገረዋለሁ፤ ምክንያቱም ማስረጃው ሁሉ በእጄ እያለ የሰው ስም ላጠፋ ጥቂት ቀን ነበር የቀረኝ።

አርባ ምንጭ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የጤና መሥሪያ ቤት የሄድኩት ስለ አዲስ አሠራር ዜና ልሠራ ነው። ክትባት ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ይበላሻል። ስለዚህ በየጤና ጣቢያው የክትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ መዳፍ የምታክል ነጭ ሴንሰር ተቀምጣለች። በየሩብ ሰዓቱ ሙቀቱን ለክታ በስልክ ኔትወርክ ትልካለች። አርባ ምንጭ ያለው ባለሙያ ከወንበሩ ሳይነሳ የቆላውንም የደጋውንም ማቀዝቀዣ በአንድ ስክሪን ያያል።

ባለሙያው አሸናፊ ይባላል፤ ፈጣንና ትሑት ልጅ ነው። የጤና ጣቢያዎቹን መስመሮች አንድ በአንድ አሳየኝ። ሁሉም ቀጥ ያሉ ናቸው። አንዱ ብቻ ደረጃ ይመስላል። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ከአራት ዲግሪ ተነስቶ አሥራ ስድስት ይደርሳል፣ ሌሊቱን እዚያው ያድራል፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ተመልሶ ይወርዳል። ዓርብ ማታ የወጣው እስከ ሰኞ ጠዋት አይወርድም።

ጤና ጣቢያው ከጨንቻ አለፍ ብሎ የሚገኝ ነው፤ ስሙን ልተወው። የክትባት ክፍሉን የያዘችው ሲስተር አስቴር ናት። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነገሩን ጨርሰውታል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃ ያቃጥላል ብለው ከሥራ ሲወጡ ሁሉን ነገር ከሶኬት የሚነቅሉ ሰዎች አሉ፣ እሷም ከነሱ አንዷ ናት አሉኝ። በጽሑፍ መልስ እንድትሰጥ ደብዳቤ ደርሷታል። ሰኞ ደግሞ ከክትባት ክፍል የሚያስነሳት ደብዳቤ ይፈረማል፤ በማቀዝቀዣው ያለው ክትባትም ይወገዳል። ማክሰኞ የክትባት ቀን ነው። ከሩቅ ቀበሌ ልጅ አዝለው የሚመጡ እናቶች ባዶ ክፍል ሊጠብቃቸው ነው።

ሲስተር አስቴር በማቀዝቀዣው በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት ጠዋትና ማታ ሙቀቱን በእጇ ትመዘግባለች። ወረቀቱ አራት፣ አምስት፣ አራት ይላል። ኃላፊው የወረቀቱን ቅጂም አሳዩኝና፣ በግምት የተሞላ ነው አሉ።

«ማሽን ዘመድ የለውም፣ አያደላም» ብለው ስክሪኑን ጠቆሙኝ።

እኔም ማስረጃውን ተቀበልኩ። መስመሩን በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፤ የዜናውን መግቢያም እዚያው ጻፍኩ። ከዚያ የሌላኛውን ወገን ቃል ለማካተት ደወልኩላት። ያን ጥሪ ዛሬ ሳስታውሰው ደስ አይለኝም። ራሴን እንዳስተዋወቅሁ፣ ስትወጣ ማቀዝቀዣውን ትነቅል እንደሆነ ጠየቅኋት። አልነቅልም አለች። ታዲያ ሙቀቱ ለምን ይጨምራል አልኳት፤ አላውቅም አለች። አታውቂም ማለት መልስ አይደለም አልኳት። እኔ ዘጋቢ እንጂ መርማሪ አይደለሁም፤ ቃናዬ ግን የመርማሪ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ ስገባም ስወጣም አራት ነው። መጥተው ይዩ» አለችኝ።

በሙያዬ አንድ ደንብ አለኝ፤ ልደርስበት የምችለውን ቦታ ሳላይ ዜና አላስተላልፍም። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ንጹሕ ናት ብዬ አይደለም። ሶኬቱ ሲነቀል በዓይኔ ላየው ብዬ ነው።

ዓርብ ከምሳ በኋላ በሚኒባስ ወጣሁ። አርባ ምንጭ ላይ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቆ ነበር፤ ደጋው ላይ ስደርስ ጉም ወርዶ ሹራቤን ደረብኩ። ሲስተር አስቴር ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ቁጥብ ሴት ናት። ቡና እንኳ አላለችኝም። ቀጥታ ወደ ክፍሉ ወሰደችኝ።

ማቀዝቀዣው በሥርዓት ይሠራል። ሴንሰሯም ጥግ ላይ በቦታዋ አለች። ነክታት ታውቅ እንደሆነ ስጠይቃት፣ አሸናፊ ሊገጥም በመጣ ጊዜ እንዳትነኪ ስላላት ጣቷን እንዳላሳረፈችባት ነገረችኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩን አብረን አነበብን፤ አራት። ወረቀቱ ላይ ጻፈች፣ ፈረመች፣ ክፍሉን ቆልፋ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሶኬቱን ማንም አልነካም።

እዚሁ ኮሪደር ላይ ትንሽ ልቀመጥ አልኳት። «እስከፈለጉት ይቀመጡ» ብላ ሄደች።

ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻዬን ተቀመጥኩ። ከዚያ አንድ ጠና ያሉ ሰው የቁልፍ ዘለላ እያንኳኩ መጡ። የጤና ጣቢያው ንብረት ክፍል ሠራተኛ ናቸው፤ ሁሉም ጋሽ ማቴዎስ ይሏቸዋል። በትሕትና ሰላም አሉኝ። ከዘለላው አንዱን መርጠው የክትባት ክፍሉን ከፈቱ፣ ገቡ፣ ወዲያው ወጡ። በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር ብብታቸው ሥር ይዘዋል። በሩን ቆልፈው፣ እጀታውን ሁለት ጊዜ ፈትነው ወደ ቢሯቸው አመሩ።

ተከተልኳቸው። የብረት ቁም ሣጥናቸውን ከፍተው ጨርቁን ላይኛው መደርደሪያ ላይ አኖሩት። እዚያው ቆሜ ለአሸናፊ ደወልኩለትና የዚህን ጤና ጣቢያ መስመር በስልኩ እንዲከታተል ነገርኩት። ጥቂት ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ ጀመረች። ዘጠኝ ገባች» አለኝ። በሚቀጥለው ሩብ ሰዓት አሥራ አራት ደረሰች።

ጋሽ ማቴዎስን ምን እንዳስቀመጡ ጠየቅኋቸው። አልደነገጡም፣ አልደበቁኝምም።

«ሴንሰር ነዋ» አሉ። «በሞዴል ሃያ ሁለት ፈርሜ የወሰድኩት እኔ ነኝ። የፈረምኩበትን ዕቃ ሜዳ ላይ ትቼ ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ?»

«ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው እኮ ጋሽ ማቴዎስ፤ በሩም ይቆለፋል።»

«የዚያ ክፍል መስኮት የእንጨት ነው። ይሄ ግን ብረት ነው» ብለው ቁም ሣጥኑን በጡጫቸው መቱት።

ቀስ ብዬ ሳጠያይቅ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ከሳቸው በፊት የነበረው ሰው በጠፋ ማይክሮስኮፕ ምክንያት ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሷል። ጋሽ ማቴዎስ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ቀርቷቸዋል፤ እስካሁን አንድ መርፌ አልጎደለባቸውም። ስለዚህ ሲስተሯ ከሄደች በኋላ በሁለተኛው ቁልፍ ገብተው ሴንሰሯን አውጥተው ይቆልፉባታል። ጠዋት ከሁሉም ቀድመው ስለሚገቡ እሷ ሳትመጣ ይመልሷታል። ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ዝግ ስለሆነ ሴንሰሯም አብራ ታርፋለች። ሌሊቱን ስትልክ የምታድረው የጋሽ ማቴዎስን ቁም ሣጥን ሙቀት ነው።

በሳቸው ምክንያት ሲስተር አስቴር ከክትባት ክፍሉ ልትነሳ እንደሆነ ስነግራቸው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ፣ «ማንም እኮ አልጠየቀኝም» አሉ። እውነታቸውን ነው። አሸናፊም፣ ኃላፊውም፣ እኔም አልጠየቅናቸውም።

ወደ ክትባት ክፍሉ አብረን ተመለስን። ቴርሞሜትሩ አሁንም አራት ነው። ሰዓቱን ጨምሬ ፎቶ አነሳሁትና ለኃላፊው ላክሁላቸው። ከዚያ ደወልኩላቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ሲገባቸው ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም፣ ትንሽ ቆይተው እሳቸውም አቆሙ።

ሰኞ የታሰበው ደብዳቤ አልተፈረመም። ክትባቱም አልተወገደም፤ ማክሰኞ ለመጡት ሕፃናት ተሰጠ። አሸናፊ ወደ ላይ ወጥቶ ሴንሰሯን በብሎን አሰረና፣ «ከማቀዝቀዣው ጋር የተገጠመ፣ የማይነቀል» የሚል ወረቀት በማኅተም ለጋሽ ማቴዎስ ሰጣቸው። ያን ካዩ በኋላ ነው እዚያው እንድታድር የፈቀዱት።

ኃላፊው ለሲስተር አስቴር ደውለው ይቅርታ ጠየቁ። ነገሩ በዚሁ ያበቃል ብለው ነበር። እሷ ግን የመጀመሪያውን ደብዳቤ አውጥታ ግርጌውን አነበበችላቸው። ግልባጭ ለወረዳው፣ ግልባጭ ለሰው ሀብት፣ ግልባጭ ለግል ማኅደሯ።

«በጽሑፍ ነው የተጠረጠርኩት፤ በስልክ አልነጻም» አለቻቸው። «ያኛው የደረሳቸው ሁሉ የሚያነጻኝም ደብዳቤ ይድረሳቸው። አንድ ግልባጭ ደግሞ ይጨመር።»

የተጨመረው ግልባጭ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። የማቀዝቀዣው አያያዝ ጉድለት እንዳልነበረበት፣ የሲስተር አስቴር የእጅ ምዝገባ ትክክል እንደነበረ ይገልጻል። ከግርጌው የምሠራበት ሬዲዮ ጣቢያ ስም ሰፍሯል። ለምን እንዳስላከችልኝ ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም።

ደወልኩላት። በመጀመሪያው ጥሪ የተናገርኳትን አንስቼ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሰበብ አልጨመርኩም። እስክጨርስ አዳመጠችኝ።

«ደብዳቤው ደርሶዎታል?»

«ደርሶኛል።»

«እንግዲያው ፋይል ያድርጉት፤ እኔ ጋ ሰው ተሰልፏል» ብላ ዘጋችው።

በዚያው ሳምንት ታሪኩን ከነስህተቴ አቀረብኩት። ስለ ሴንሰሮቹ ያለኝ አስተያየት አልተለወጠም፤ ጥሩ ሥራ ናቸው፣ የብዙ ሕፃናትን ክትባት ከመበላሸት ያድናሉ። ደንቤም ጸንቶ አለ፤ ዓርብ ዕለት ኮሪደሩ ላይ ያስቀመጠኝ እሱ ነው። የሚቆጨኝ ከመሄዴ በፊት የተናገርኩት ነው። ደብዳቤውን ፋይል አላደረግሁትም። ከስልኬ አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ለሰው ከመደወሌ በፊት አነበዋለሁ።