የሐዋ ዚር ያለበት መንገድ

ከትናንት በስቲያ የሕንፃችን ሊፍት ተበላሸ። እንደ ጎረቤቶቼ ሁሉ እያጉረመረምኩ እስከ ስድስተኛ ፎቅ ደረጃውን ተያያዝኩት። ሦስተኛው ላይ ለትንፋሼ ስቆም አንዷ ጎረቤቴ ከገበያ ያመጣችውን አዲስ የሸክላ ጋን ውሃ ሞልታ በሯ ላይ አስቀምጣለች፤ ሸክላው ውሃውን እየጠጣ የመጀመሪያው ዝናብ የነካውን አፈር ሽታ ይሸታል። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ይህንንም የምጽፈው ከወንበሬ እየተነሳሁ፣ ከሳሎን እስከ ኩሽና እየተንጎራደድኩ ነው። አሶሳ ነው ያደግኩት፤ ያ ሽታ ለእኔ የአንድ መንገድና የአባቴ እግር ሽታ ነው።

አሶሳ ያኔ የአዲስ ክልል አዲስ ዋና ከተማ ነበረች። የቢሮ ስም በአጥር ላይ ተጽፎ ውስጡ ገና ወንበር ያልገባበት፣ ማኅተም ከጠረጴዛ ቀድሞ የደረሰበት፣ ከየአገሩ የተመደበ ሠራተኛ ሻንጣውን አንጠልጥሎ የሚከራይ ክፍል ሲያፈላልግ የሚውልበት ጊዜ ነበር። አባቴ ከደብረ ማርቆስ ከመጡት አንዱ ነው። መሥሪያ ቤቱ ከቤታችን ጋር አጥር በሚጋራ የኪራይ ቤት ውስጥ ሆኖ ፊት ለፊቱ ሻይ ቤት አለ። አባቴ በቀን የሚሄደው ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ግማሹም ወደ ሻይ ቤቱ ነው። ስኳር በሻይ ይጠጣል እንጂ ሻይ በስኳር ይጠጣል ማለት ይከብዳል።

የስኳር በሽታ እንዳለበት በተነገረው ቀን እናቴ አለቀሰች። ሐኪሙ ጣፋጭ እንዲተውና በእግሩ እንዲሄድ መከረው፤ አባቴም በጨዋ ደንብ እሺ ብሎ ወጣና ድንጋጤውን ለማብረድ ሻይ አዘዘ። እናቴ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አኮረፈች፣ የስኳሩን ቆርቆሮ ከበርበሬው ጀርባ ደበቀች። ሦስት ቀን ይተዋል፤ በአራተኛው ከሻይ ቤቱ አግዳሚ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ይገኛል። ወንድሙ በዚሁ በሽታ በጎልማሳነቱ ስለሞተ፣ እናቴ ጋዜጣውን ባየች ቁጥር የለቅሶ ድንኳን የሚታያት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ አከራዩ ቤቱን ለልጁ ፈለገውና መሥሪያ ቤቱ ከከተማዋ ማዶ ተዛወረ፤ ሻይ ቤቱም ደንበኛ አጥቶ ተዘጋ። ታክሲ የለም፤ ባጃጅ የሚባል ነገር ገና አልተሰማም፤ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት አንድ ብስክሌት ነበረች፣ እሷም ፍሬን የላትም። ትምህርት ቤቴ በዚያው አቅጣጫ ስለነበር ጠዋት አብረን ወጥተን ከሰዓት በኋላ አብረን እንመለሳለን። መንገዱ በማንጎ ዛፎች መሐል የሚሄድ ቀይ አፈር ነበር፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድም ሻይ ቤት አልነበረበትም። አጋማሹ ላይ የሐዋ ቤት ነበር።

ሐዋ ባሏ በሱዳን ድንበር በኩርሙክ መስመር የሚነግድ የበርታ ብሔረሰብ ሴት ነበረች። በደጇ ጥላ ሥር፣ እነሱ ዚር የሚሉትን ትልቅ የሸክላ ጋን በእንጨት ማቆሚያ ላይ አስቀምጣ በየማለዳው ለመንገደኛ ውሃ ትሞላበታለች። ለእሷ ሰደቃ ነው፤ የጠጣ ሰው ማን ነህ ተብሎ አይጠየቅም። አጠገቡ ዝቅ ያለ አግዳሚ አለ። አባቴ በላብ ተጠምቆ ይደርስና በቅሉ ሁለት ጊዜ ቀድቶ ጠጥቶ፣ እዚያ ቁጭ ብሎ ጫማውን ያራግፋል። አንዳንድ ቀን ስኳር ያልነካው፣ ፊት የሚያጨማድድ ቀይ የአበባ መጠጥ፣ ከርከዴ ትሰጠዋለች። መጀመሪያ ጊዜ ስኳር ቢጠይቃት ስኳሩ ጓዳ ነው፣ ጓዳው ሩቅ ነው አለችው። ጓዳዋ ከአግዳሚው አሥር እርምጃ አይርቅም፤ አባቴ ግን ተነስተሽ አምጪልኝ ማለቱን አፍሮ ጠጣው፣ በኋላም ለመደው።

በማንጎ ወቅት አንድ ቀን ከቅርጫቷ አምስት ማንጎ በላይ በላዩ በላ። በማግስቱ ቅርጫቱ ከቦታው የለም። ሐዋ እኔን ብቻ ወደ አጥሩ ጀርባ ወስዳ፣ ከዚያው ቅርጫት አንድ ማንጎ አውጥታ ሰጠችኝ። አማርኛዋ ሴትና ወንድ ስለማይለይ አንተ እያለች ነበር የምታናግረኝ።

«ሰው ያላየውን አይበላም» አለችኝ። «ለአባትህ እንዳትናገር።»

አልተናገርኩም። አባቴም ማንጎው የት ሄደ ብሎ አልጠየቀም።

ዓመት ሳይሞላ ቀበቶው ሁለት አዲስ ቀዳዳ አስፈለገው። ክሊኒክ ሄዶ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነው የሚመጣው። እናቴ እንቅልፍ መተኛት ጀመረች። እሱ ደግሞ ማታ ማታ ለእንግዳው ሁሉ ስለ ቆራጥነት ማስተማር ያዘ፤ ሰው ከወሰነ የማይተወው ነገር የለም፣ እኔ ሻይን ያህል ነገር ተውኩ ይላል፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። ሻይ የሚያቀርብለት ሰው እንዳልነበረ ማናችንም ልብ አላልንም። ከሁሉም በላይ ያመንኩት እኔ ነኝ፤ ትምህርት ቤት እንኳ አባቴ ቆራጥ ነው እያልኩ እኩራራ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት አባቴ ኃላፊ ሆኖ ተሾመና ነጭ ላንድክሩዘር ከነሹፌሩ ደጃችን ቆመ። ሰፈሩ ወጥቶ አጨበጨበ። እናቴ እልል አለች። እኔ እየዘለልኩ አጨበጨብኩ፤ ጨርቅ አርሼም መስታወቱን እስኪያብለጨልጭ ወለወልኩት። ያቺ መኪና ምን ልትወስድብን እንደመጣች ያሰበ አልነበረም። መጀመሪያ ሰሞን በእግሬ ልሂድ ቢል ሠራተኞቹ ራሳቸው «ሰው ምን ይላል ጌታዬ» እያሉ ያስገቡታል። መሥሪያ ቤቱም ክበብ ከፈተ፤ ለኃላፊ ሻይ እስከ ጠረጴዛው ይመጣለታል፣ ስኳሩ አስቀድሞ ገብቶበት።

አንድ ቀን ሐዋ መንገዱ መሐል ወጥታ እጇን አነሳች። ሹፌሩ አቆመ።

«ውሃ ሞልቷል» አለች፣ ቅሉን ይዛ።

አባቴ ሰዓቱን አየና ስብሰባ እንዳለበት በትህትና ነገራት። ዞር ብዬ በኋላው መስታወት ሳያት አቧራችን ውስጥ ቆማ ቅሉን በመዳፏ ከድናዋለች። ልቤ ውረጂ ውረጂ አለኝ። አልወረድኩም፤ የመኪናው ወንበር ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ይኸው ነው።

ሁለት ክረምት አለፈ። አዲስ ጫማ የላጠው ትንሽ ቁስል አልደርቅ አለ፤ ከዚያም ጠቆረ። አባቴን አዲስ አበባ ወሰዱት፤ ግራ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆረጠ። አሶሳ በተመለሰ በሳምንቱ ሹፌሩን ሐዋ ቤት አድርሰኝ አለው። ከመኪናው እስከ ዚሩ ያለውን ጥቂት እርምጃ በክራንች ሄደ፤ አንድ ክንዱን እኔ ይዤዋለሁ። ሐዋ ቅሉን አጥባ ሰጠችው። ጠጣ፤ ቅሉን ሲመልስላትም፣

«ሐዋ፣ እኔ ለካ ቆራጥ አልነበርኩም» አላት። «መንገዱ ነበር።»

እሷ ቅሉን ተቀበለችው። «መንገድ ይኸው አለ» አለች። «አንተ ነው የሄደ።»

አባቴ ሳቀ፤ እየሳቀ እንባው ወረደ። ከዚያ በኋላ የኖረው ሦስት ዓመት ብቻ ነው።

ዛሬ ያ መንገድ አስፋልት ነው። ማንጎዎቹ መንገዱ ሲሰፋ ተቆርጠዋል፤ የሐዋ ደጅ የነበረበት ቦታ ላይ የለስላሳ ፍሪጅ መብራቱን አብርቶ ቆሟል፤ ውሃ የሚጠይቅ ካለም በፕላስቲክ ገዝቶ ነው። በዚያ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ራሱን አልገታ አለ ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። እኔ አልችልም። ያጣሁት አባቴን ብቻ ቢሆን ኖሮ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር፤ ማንም ጎበዝ ሳይሆን ደህና ሆኖ የሚያመሽበት መንገድ ነው የጠፋብኝ፣ ለመንገድ ደግሞ እንዴት ይለቀሳል።

የአባቴ በሽታ እኔንም ካገኘኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የእኔም ሐኪም በእግርሽ ሂጂ ብሎኛል፣ እኔም በጨዋ ደንብ እሺ ብያለሁ። እነዚህን ሦስት ቀናት ብቻ፣ ወድጄ ሳይሆን ተገድጄ፣ በደረጃው ወጣሁ ወረድኩ፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጎረቤቴ ከጋኑ ውሃ መቅዳት ጀምራልኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሊፍቱ ተጠገነ። በሩ ተከፍቶ መብራቱ ሲበራ ጎረቤቶቼ አጨበጨቡ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።