ዋግ ሱሉልታ ሲደርስ

ጥቅምት መጀመሪያ፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱሉልታ መግቢያ ባለው ኬላ ተያዝኩ። ያስያዘኝ ሱሪዬ ነው።

ጠዋቱን ከሰበታ ወዲያ፣ ተጂ አካባቢ፣ ስንዴ ማሳ ውስጥ ስመላለስ ነበር ያረፈድኩት። የምሠራው ለጋዜጣ ነው። የዚያ ሳምንት ሥራዬ ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ የት የት እንደደረሰ እየዞሩ ማየት ነበር። ዋግ በያዘው ማሳ መሃል ያለፈ ሰው ከጉልበቱ በታች ቢጫ ዱቄት ለብሶ ይወጣል። እኔም ለብሼ ነበር። ፈታሹ በጣቱ ጠረግ አድርጎ አሸተተው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዋግ ነው።»

«ከዋግ ነው የመጣኸው?»

«ከተጂ ነው።»

«አሁን ዋግ አላልክም? ዋግ ሰሜን አይደለም እንዴ?»

አገሩ ዋግና በሽታው ዋግ በስም ብቻ እንደሚገናኙ ማስረዳት ጀመርኩ። ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች ጥሩምባ ይነፋሉ። ፈታሹ መታወቂያዬንና ስልኬን ኪሱ ከተተና «እዚያ ጋ ቁም፤ ይጣራል» አለኝ።

የገባሁበት ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም። በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ባለው ክፍተት ነፋስ ይገባል፤ ሽታው ግን አይወጣም። መቀመጥ አልቻልኩም። ከበሩ እስከ ግድግዳው እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ውጭ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ሮጬ በሩ ሥር እገኛለሁ። የክፍሉ አለቃ፣ እስረኛው ካቦ የሚለው፣ እዚያው ከተማ የስልክ መለዋወጫ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር።

«ጋዜጠኛው፣ ተቀመጥ እንጂ!» አለኝ። «አንተ ስትዞር የኛ ራስ ዞረ።»

አጠገባቸው ቦታ የለቀቁልኝ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው የጫንጮ ገበሬ ናቸው። ክፍሉ ሁሉ ኦቦ ይላቸዋል። ያሳሰራቸው ጥያቄ ነው፤ ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ማዳበሪያው የት ገባ?» ብለው ነበር።

«ማዳበሪያውን ባጣው ሽታውን እዚህ አገኘሁት» አሉኝ።

ሌሎቹ ደጋግመው ስለሰሙት አልሳቁም። እኔ ሳቅሁ። ምናልባት ለዚያ ይሆናል፣ ሲመሽ ብርድ ሲያንቀጠቅጠኝ ጋቢያቸውን ዘርግተው ግማሹን ያለበሱኝ።

ዓርብ ከሰዓት ለምርመራ ተጠራሁ። መርማሪው አልጮኸም፤ አልመታኝም። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አንድ ቅጂ ከፈተ። መኪና ውስጥ ሆኜ፣ እንዳልረሳ ብዬ የቀዳሁት የራሴ ድምፅ ነበር።

«ዋግ ሰበታ ገብቷል። ቡራዩ ዙሪያም ታይቷል። ሱሉልታ ከደረሰ ጫንጮን የሚያድነው የለም።»

ቀጥ ያለ የዜና ድምፅ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ግን እኔንም አስፈራኝ።

«ማን ነው የሚመራው?»

«ማንም። ነፋስ ነው የሚያመጣው።»

«ቀልዱን ተው።»

«ቀልድ አይደለም።»

ከዚያ ለአንባቢ እንደምጽፍ አድርጌ ነገርኩት። ዱቄቱ የሻጋታ ዘር ነው፤ አንዱ ከሌላው በዓይን የማይለይ ደቃቅ። ነፋስ አንሥቶ ተራራ ያሻግረዋል። ጤዛ ያረፈበት ቅጠል ካገኘ እዚያው ይበቅልና በቅጠሉ መተንፈሻ ቀዳዳ ይገባል። ውስጥ ለውስጥ እየበላ ሁለት ሳምንት ያህል ከውጭ ምንም አያሳይም። ባለቤቱ ማሳውን ዞሮ አይቶ ደህና ነው ይላል። ከዚያ ቅጠሉ ላይ በመርፌ የተሰፋ የሚመስል ቢጫ መስመር ይወጣል። መስመሩ ሲፈነዳ ዱቄቱ እንደገና ነፋስ ይጠብቃል።

«ነፋስ ብቻ ነው የሚያሰራጨው?»

«ሰውም ያሰራጫል» አልኩት። «በልብሱ።»

ብዕሩን ያነሣው ያን ጊዜ ነው። ጻፈና «ሱሪህን አውልቅ» አለኝ። ፌስታል አስመጥቶ ከተተው፤ ኤግዚቢት ነው ብሎ አፉን ቋጠረው።

ከሥር በለበስኩት ቁምጣ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ።

«ያ ረቢ! ሱሪውን ምን በላው?» አለ ካቦው።

«ምርመራ ላይ ነው።»

«ይጠነክራል ወይስ ምስጢር ያወጣል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኦቦም እየሳቁ ጋቢያቸውን እግሬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ምን ጠየቁህ ተባልኩ። ለመርማሪው የነገርኩትን በሙሉ ደገምኩላቸው። ልብስ የሚለው ጋ ስደርስ ኦቦ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ልብስ ላይ ይቀመጣል አልክ?»

«አዎ፣ ኦቦ። ጥቂት ቀን ይቆያል።»

«ትናንት ያ ሱሪ ጋቢዬ ውስጥ ነበር?»

«ነበር።»

ጋቢውን አዩት፤ ከዚያ የራሳቸውን ኮትና ሱሪ።

«ማሳዬ ንጹሕ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዛሬ ሚስቴ ስንቅ ስታመጣ ጠይቄያታለሁ። ዛላው ገና መውጣቱ ነው። እኔም ነገ ከነገ ወዲያ ትፈታለህ ተብያለሁ።»

ዋናው ነፋሱ ነው አልኳቸው። በልብስ ተይዞ የመግባቱ ዕድል ትንሽ ነው አልኳቸው።

«ትንሽ ማለት ምን ያህል?»

«አላውቅም።»

«እስከ ዛሬ እዚህ ቤት የሚፈራው ቅማል ነበር» አለ ካቦው። የሳቀ የለም።

ኦቦ ወደ ቦታቸው አልተመለሱም። ከበሩ እስከ ግድግዳው መሄድ ጀመሩ። እኔም ተነሣሁ። እሳቸው በዚያ ጥግ፣ እኔ በዚህ ጥግ፣ እንዳንነካካ እየተጠነቀቅን ስንመላለስ ካቦው እንኳ እግሩን ሰብስቦ መንገድ ለቀቀልን።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተከፈተ። ጠባቂው የኦቦን ስም ጠራና «ዕቃዎን ይዘው ይውጡ» አለ። ሁላችንም ከዛሬ ነገ የምንጠብቀው ቃል ነው። ኦቦ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም።

«መጀመሪያ ልብሴን ልጠብ» አሉ።

«ምን?»

«ልብሴን አጥቤ እወጣለሁ።»

«አባባ፣ ቤትዎ ሄደው ይጠቡ እንጂ!»

«ቤቴ ያለው ማሳው መሃል ነው።»

«ኦቦ፣ በፈጠረዎት ይውጡ!» አለ ካቦው ከኋላ በሹክሹክታ። «ሐሳባቸውን ይቀይራሉ!» እኔም ይውጡ አልኳቸው። የተከፈተ በር ፊት የቆመ ሰው ማየት ያስጨንቃል፤ ለምን እንደቆመ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ይብሳል።

ጠባቂው ወደ ቢሮው ዞሮ አየ፤ መልሶ እሳቸውን አየ።

«ቶሎ ይበሉ» አለ።

ግቢው ውስጥ ቧንቧ አለ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለቀረ ይታዩኛል። ፀሐይ ገና ግቢው ውስጥ አልገባችም። ኮታቸውን፣ ሸሚዛቸውን፣ ሱሪያቸውን በየተራ ነከሩ፣ አሹ፣ ጨመቁ፤ እርጥቡን መልሰው ለበሱ። የጫማቸውን ሶል ሳይቀር አጠቡ። ሲንቀጠቀጡ ይታያል፤ ሲቸኩሉ ግን አላየሁም። ሲጨርሱ እስከ በሩ መጡ፤ ወደ ውስጥ አልገቡም።

ጋቢውን አጣጥፌ ይዤ ነበር። እጃቸውን አልዘረጉም።

«እሱን አንተ ልበሰው» አሉኝ። «ስትወጣ አጥበህ ታመጣልኛለህ።»

ስትወጣ ነው ያሉት። ብትወጣ አላሉም።

በሳምንቱ እኔም ተፈታሁ። ክስ አልነበረም። ቡራዩ ቤቴ ጋቢውን ሁለቴ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁትና በማግስቱ ጫንጮ ሄድኩ። ኦቦን ያገኘኋቸው ማሳቸው ዳር ቆመው ነው። የስንዴው ቅጠል ላይ ቢጫው መስመር ወጥቷል።

አንዱን ቅጠል ይዤ ጎንበስ አልኩ።

«ኦቦ፣ እኛ አይደለንም።»

«እንዴት?»

«ከተፈቱ ሳምንት ቢሆን ነው። ይሄ ለመታየት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ሚስትዎ ንጹሕ ነው ያሉዎት ቀን ውስጡ ነበር።»

አንድ ቅጠል ቀጥፈው አገላብጠው አዩት።

«ታዲያ ያ ሁሉ ብርድ በከንቱ ነው በለኛ!»

«በከንቱ ነው።»

«ይሁን» አሉ። «ታጥቤ ነው የገባሁት።» ጋቢውን ተቀብለው አሸተቱት። «ሳሙና አልቆጠብክም!»

ፀረ ዋግ መድኃኒት ረጭተዋል፤ ግን ዘግይቶ ነበር። ከማሳው የተገኘው ለቤት ሆነ፤ ለገበያ አልተረፈም።

ይህ ካለፈ ዓመታት ሆነው። ስልኬ ተመልሶልኛል። ሱሪዬን ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄ «ገና አልተጣራም» ተብያለሁ። ኬላ ስደርስ እስከ ዛሬ እጄ ሳላዘው ወደ ጉልበቴ ይወርዳል፤ የሌለ ዱቄት አራግፋለሁ። ሰው አብሮኝ ከተጓዘ ምን ሆንክ ይለኛል፤ ምንም እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ኦቦ ደወሉልኝ። ዘንድሮ ማሳው ንጹሕ ነው አሉ። በስልክ የሰማሁትን ሳላይ አልጽፍም፤ ትናንት ጫንጮ ሄድኩ። ማሳው ዳር ስንደርስ ክንዴን ይዘው አስቆሙኝና ሱሪዬን አሳዩኝ። አራገፍኩ። ከዚያ አብረን ገባን፤ ከዳር እስከ ዳር ሄድን። ስንዴው አብቧል። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው።