ገዲሴ በአጣሪዎች ፊት የመሰከረችው

የሰባ አምስቱ ክረምት ላፍቶ ላይ ጭቃው ጉልበት ይደርስ ነበር። ቤቱም ልብሱም እንደ ረጠበ ሱፍ ይሸታል፤ እሳት ዳር ተኮራምቶ ከመዋል በቀር ሰውነት የሚያምረው ነገር አልነበረም። ሮበሌ ከሰሜን ጦር ግንባር የተመለሰው በዚያ ዝናብ ነው። እጁም እግሩም ደህና፣ ግን «የአእምሮ በሽተኛ» ተብሎ ከሠራዊቱ ተሰናብቶ።

በሽታው ምን ነበር ቢሉ፣ አዛዡ የወታደሩን ዱቄት እንደሚሸጥ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ መናገሩ። በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ወሰዱት፤ ሐኪሙም ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ፈረመ። ሰውን እንደ እጣቢ ደፉት።

እብድ የተባለን ማን ይቀጥራል፣ ማንስ ልጁን ይድርለታል? ሮበሌ ስሙ እንዲመለስለት አቤት አለ። አጣሪዎች ቤቱ ድረስ እንደሚመጡ ተነገረው።

እናቱ ገዲሴ ደግሞ የራሷ ጉዳይ ነበራት። ልጇ በእንቅልፉ እየባነነ ሲጮህባት ማርያም ጠበል አስጠምቃው፣ «ከማርሽልኝ በሰው ፊት እመሰክራለሁ» ብላ ተስላለች። ጩኸቱ ተወው። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ መስክራለች፤ በመንግሥት ሰው ፊት ሲሆን ግን ክብሩ የሚበልጥ መሰላት።

ጥቅምት ላይ ሦስት አጣሪዎች በላንድሮቨር መጡ፤ መንገድ የሚመራቸው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ዱጉማ ነበር። ገዲሴ ዶሮ አሳርዳ ጠበቀቻቸው። አለቃቸው፣ ወፍራሙ፣ አጥንት እየጋጠ፣ ቅባቱ በአገጩ እየወረደ ጠየቀ።

«ጓድ፣ ጤነኛ ነኝ ነው የምትለው?»

«ነኝ። የዱቄቱንም ነገር ጠይቁኝ» አለ ሮበሌ።

«ለዱቄት አልመጣንም» ብሎ ሳቀና ወደ እናቱ ዞረ። «እርስዎስ እማማ?»

ገዲሴ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። «ልጄ ታሞ ነበር። እየጮኸ አላስተኛን ብሎ ነበር። ማርያም ማረችልኝ፤ ይኸው ድኖ ታዩታላችሁ።»

«እማዬ፣ ተይ፣ ተቀመጪ።»

«ምን ተይ ትለኛለህ፣ ስለቴ እኮ ነው።»

ወፍራሙ ጣቱን ላሰ። «ታሞ ነበር አሉ። ሐኪሙ አልተሳሳተማ።»

ዱጉማ «ጓዶች፣ ሰው በእንቅልፉ ስለባነነ...» ብሎ ሲጀምር፣ «አንተንም ጠበል እንውሰድህ?» አለው ወፍራሙ።

ገዲሴ እጃቸውን አስታጥባ ሸኘቻቸው። ምን እንዳደረገች ዱጉማ ያስረዳት መኪናው ከሄደ በኋላ ነው። ድስቱን ከነትራፊው አውጥታ ለውሻ ደፋችው። ሮበሌ አልተቆጣትም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ስንብቱ ጸና። ሰፈሩ ውስጥ የሚቀጥረው ጠፋ። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ፉሪ አጠገብ ከአንድ የድንጋይ ካባ ውስጥ ድንጋይ ሲፈልጥ ነው።