ወንድሜ ዛሬ ፎከረ

ወንድሜ ዛሬ በሰው ፊት ፎከረ፤ እልል ያልኩለትም እኔ ነኝ።

ደብረ ማርቆስ፣ የእህታችን ልጅ ቤት ክርስትና ተጠርተን ነበር። ከምሳ በኋላ ቴሌቪዥኑ ላይ የጦርነት ፊልም ተከፈተ። አንድ ሰው ብቻውን መቶ ሰው ይጥላል፤ ቤቱ ያጨበጭባል።

(ፊልሙ በባዕድ ቋንቋ ነው። አንድ ቃል የገባው ሰው አልነበረም፤ ጠላቱ ማን እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቃል።)

ወንድሜ የቀድሞ ወታደር ነው። ዘምቶ ከተመለሰ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

የእህታችን ልጅ ሞቅ ብሎታል። «ጋሼ፣ እርስዎስ ስንቱን ጣሉ? ወይስ ወጥ ቤት ነበሩ?» አለው። ሁሉም ሳቀ። «እስቲ ይፎክሩና እንመንዎት!»

ወንድሜ ዱላውን ይዞ ተነሣ። «ዘራፍ!» ሲል፣ እኔ እንደ አገራችን ወግ ቀጥሎ የሚለውን ሳልሰማ እልል አልኩ።

«ዘራፍ! ቆስሎ ወድቆ ‹ውሃ አጠጣኝ› ያለውን ጓደኛውን አልፎ የሮጠ! ኮዳው ሙሉ ሳለ የሮጠ!»

እልልታዬ አፌ ላይ ቀረ።

«በእናንተ ፊልም ላይ የወደቀ ሰው አይጣራም» ብሎ ተቀመጠ። የእህታችን ልጅ ቴሌቪዥኑን አጠፋ፤ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

ከወንድሜ ጋር አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። በዚህ ሁሉ ዓመት ስለ ጦርነቱ የጠየቅሁት «ቁስልህ በብርድ ያምሃል?» ብቻ ነው።

ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው በቤታችሁ ያላችሁ፣ ምን ብላችሁ ጠየቃችሁት? እባካችሁ ጻፉልኝ። ነገ ጠዋት አጠገቡ ስቀመጥ ከየት እንደምጀምር አላውቅም።