ያልተስተካከለው መነጽር

ባለቤቴ፣ እኔ እያወቅሁ ዝም ማለቴን ያውቅ ነበር? አንዳንድ ቀን አዎ እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ ቢያውቅማ ኖሮ ሳቁ ያጋልጠው ነበር እላለሁ፤ ሳቅ አፍኖ መያዝ የማይሆንለት ሰው ነበርና።

ነገሩ የጠመንጃ መነጽር ነገር ነው። ባለቤቴ መተዳደሪያው የማቀዝቀዣ መጋዘን ሥራ ሆኖ፣ ነፍሱ ግን አደን ላይ ነበረች። ከዙሪክ ወጣ ብላ ካለች መንደር አዳኞች ጋር ሆኖ የገበሬውን በቆሎ የሚገለብጠውን የዱር አሳማ ይጠብቃል። ሥጋውን ግን አይቀምስም፤ ድርሻውን ለጓደኞቹ ትቶ ባዶ እጁን ይመጣል። ጄኔቫ፣ ኦኔ ሰፈር የሚኖሩት ታላቅ እህቱ ይህ ነገር አይዋጥላቸውም ነበር። እኛ ጋ አደን በሕዝብ ድምፅ ቀርቷል፣ እናንተ ዙሪኮች ግን የማይበላ ነገር ስታሳድዱ ታድራላችሁ ይሉታል። ቃታ ከመሳቡ በፊት፣ በግ እንደሚባርክ ሰው፣ በስመ አብ እንደሚል የነገርኳቸው ቀን አማተቡ።

«ለከርከሮ?»

«ለእኔ ነው እንጂ፣ ለእሱ መሰለዎት እትዬ?» አላቸው።

አንድ መከር ላይ፣ ከካንቶኑ መስተዳድር ፈቃድ ካገኘ በኋላ፣ የሙቀት መነጽር ገዛ። በጨለማ ውስጥ የሚሞቅ ነገር ሁሉ ነጭ ሆኖ የሚታይበት ነው። አዲስ መነጽር ግን ጠመንጃው ላይ ስለተገጠመ ብቻ አይታመንም። መሃሉ ላይ ያለው መስቀለኛ ምልክት የሚያርፍበትና ጥይቱ የሚያርፍበት አንድ እስኪሆኑ ድረስ በቀን ብርሃን፣ ተኩስ ሜዳ ላይ እየተተኮሰ ይስተካከላል።

መመሪያውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት አዋቂ ሆኜ ነው፤ ጀርመንኛውንም ዋሊሰለን ከተማ ከምሠራበት ሱቅ ስወጣ በማታ ኮርስ ተማርኩት። ዘግይቶ የተማረ ሰው ገጽ አይዘልም። ከሽፋን እስከ ሽፋን የጨረስኩት የመጀመሪያው የጀርመንኛ መጽሐፍ ያ መመሪያ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ለስለስ ያለ ቀን ነበር። በኤስባን ባቡር ሄድን፤ የጠመንጃው ሻንጣ በእሱ ጉልበቶች መካከል፣ የሻዩ ፔርሙስ በእኔ ጭን ላይ። ባለቤቴ የታተመ የወረቀት ዒላማ ሰቅሎ ተመለሰና በመነጽሩ ቢያይ ምንም የለም። መነጽሩ ሙቀት እንጂ ቀለም አያነብማ። እሱ ዝለዪው ያለኝ የመመሪያው ገጽ ላይ ይህ ተጽፎ ነበር። ጓንቴ ውስጥ የምይዛትን የእጅ ማሞቂያ ከረጢት አውጥቼ ሰጠሁትና ካርቶን መሃል ላይ ለጠፋት፤ ያኔ በራ።

አንዴ እንደተኮሰ የመነጽሩን ቁልፍ ሊያዞር ቸኮለ። አልፈቀድኩለትም። ሦስት ተኩሶ፣ እኔ በልብስ ስፌት ማስመሪያዬ ለክቼ፣ ከዚያ ነው ማዞር።

«እሺ፣ ወይዘሮ ሚሊሜትር» አለኝ። ስሙ በዚያው ጸናብኝ።

ያን ቀን ጥይቶቹ መጀመሪያ ወደ ታች አብረው ወረዱ፤ አስተካከልነው፤ ማምሻው ላይ የዒላማውን መሃል ከበው ተቀመጡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለማረጋገጥ ብቻ እንመለሳለን ተባባልን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብርድ ገባ። ጥይቶቹም ተበተኑ፤ አንዱ ላይ፣ አንዱ ጥግ። ጥይቶች አንድ ላይ ሆነው ከመሃል ሲርቁ ጥፋቱ የመነጽሩ ነው፤ ሲበተኑ ግን የተኳሹ ነው። እሱ ሄዶ ካርቶኑን ቀየረ፣ ከረጢቷን በቀኝ መዳፉ ተጭኖ ለጠፈ፣ እጁን እየተነፈሰበት ተመለሰ። ሰው ዒላማው ጋ እያለ ጠመንጃ አይነካም፤ አጠገቤ ከደረሰ በኋላ ነው ጎንበስ ብዬ በመነጽሩ ያየሁት። ከነጯ ነጥብ ጎን የመዳፉ ሙቀት ካርቶኑ ላይ ገና አልጠፋም ነበር። አውራ ጣቱ አለ። ሁለቱ ትንንሾቹ ጣቶች አሉ። ቃታ የሚስብበት ጣትና ጎረቤቱ የሉም።

ቀና ብዬ እጁን አየሁ። ሁለቱ ጣቶች እንደ ጧፍ ነጭ ሆነዋል። የመጋዘኑ ብርድ የስንት ዘመን ሥራ ነበር። እጁን ኪሱ ከተተ።

«መነጽሩ ይመስለኛል» አለ።

ሚሊሜትር የማላሳልፈው እኔ፣ «አዎ፣ ወደ ቀኝ ይስባል። ለቅዳሜ እንየው» አልኩ።

ቃታው የማይሰማው አዳኝ መተኮስ የለበትም፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። ደግሞም ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ለአደን አልወጣም። ጣቴ ደነዘዘ ቢል ግን ጓደኞቹ በክብር ጨብጠው ያሰናብቱትና ነገሩ ያበቃል። መነጽሩ እስካልተስተካከለ ድረስ ግን ጠመንጃው ያልደረሰለት አዳኝ ነው። ሲደውሉለት በዚያ እንደ ዘፈን በሚያዜመው ጀርመንኛው፣ መነጽሩ ገና ነው ይላቸዋል፤ እኔም ከማድቤት ሆኜ እሰማለሁ።

እንዲህ ሆኖ የብርዱ ወራት ቅዳሜ ሁሉ የእኛ ሆነ። ጥቂት ይተኩሳል፤ ተኩስ ሲቆም ቀድሜው ሄጄ ቀዳዳዎቹን በትንንሽ ክብ ወረቀቶች እለጥፍና ከሆዴ የፈጠርኩትን ልኬት እነግረዋለሁ። እሱም መነጽሩን ይሰድበዋል፣ ለሱቁ እመልሰዋለሁ ብሎ ይዝታል። ከዚያ ሻይ። በጭጋግ ውስጥ የቁራ ድምፅ፣ የእርጥብ ቅጠል ሽታ፣ በፔርሙሱ ክዳን ተራ በተራ መጠጣት። ማታ ኮርስና ማታ ፈረቃ ያሳለፉት ሁለት ሰዎች እንደዚያ ተቀምጠው አያውቁም ነበር። ቁልፉን ግን አንድም ቀን እንዲያዞር አልፈቀድኩለትም፤ ሙቀት እስኪመለስ ይቆይ እለዋለሁ። የሚገርመኝ እሱም ለምን ብሎ አለመጠየቁ ነው።

በዓመቱ እንቅልፍ ላይ እንዳለ ልቡ ቆሞ አረፈ። ጠመንጃውን አንድ የአደን ጓደኛው ወሰደው። ሞክሮት ደወለልኝ፤ ምንም ሳይነካው ልክ መሃሉን እንደመታለት ነገረኝ። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ።

ባለፈው ጸደይ እትዬን ልጠይቅ ጄኔቫ ሄጄ ፕላንፓሌ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይዘውኝ ወጡ። አንዱ ጨርቅ ላይ ከማንኪያና ከሰዓት ጋር የተደረደረ አሮጌ የጠመንጃ መነጽር አዩ። አንስተው በግልባጩ በኩል ትራሙን አዩበት፤ ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

«ወንድሜ ስደውልለት ሁልጊዜ መነጽሩ ገና ነው ይለኝ ነበር» አሉ። «ስንት ጊዜ የሚፈጅ ዕቃ ነው? ለመሆኑ በመጨረሻ ተስተካከለለት?»

መነጽሩን ከእጃቸው ተቀብዬ ጨርቁ ላይ፣ በነበረበት ቦታ መለስኩት።

«ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ ልክ ነበር፣ እትዬ» አልኳቸው።